ዝም ካለች ፈቅዳለች

ኢልሀም አሕመዲን ከመቶ የሚበልጡ የባሕር እንስሳትን ስም በቃሏ ታውቃለች። የትኛው በክንዱ እንደሚቀምስ፣ የትኛው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እንደሚኖር ብትጠይቋት ሳታንገራግር ትነግራችኋለች። ባሕር ግን አይታ አታውቅም። መካነ ሰላም ተወልዳ፣ ደሴ ተምራ፣ ተመልሳ እዚያው መካነ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት መምህርት የሆነች ልጅ ባሕሩን ከየት ታመጣዋለች? በክረምት ጉም ከተማውን ሲሸፍነው መስኮቷን ከፍታ «እንዲህ ይሆን የሚመስለው?» እያለች ትቆማለች። እናቷ ወይዘሮ ሀዲያ «አንቺ ልጅ፣ ብርድ አታስገቢብን» ብለው እስኪዘጉባት ድረስ።

ከሱፍያን ጋር ያገናኛት የባሕር ውሃ ሳይሆን የምንጭ ውሃ ነው። ሱፍያን የወግዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ መካነ ሰላም ውሃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ሆኖ ይሠራል። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አይጠፋም። የዛሬ ሁለት ዓመት በሃይላንድ የምንጭ ውሃ ቀድቶ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆመ። ውሃው ውስጥ ጥፍር የማታክል ጠፍጣፋ ትል ትዋኛለች።

«የቀበሌው ሰው ውሃው ተበላሽቷል ብሎ አልጠጣም አለ» አላት። «ይቺ ምንድን ናት?»

ኢልሀም ትሏን በማጉያ መነጽር አየችና ሳቀች። «ውሃው ንጹሕ ቢሆን ነው የመጣችው። ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አትኖርም። ደግሞ ለሁለት ብትቆርጣት ሁለቱም ቁራጭ ይድናል፤ ጭንቅላት ያጣው ሌላ ጭንቅላት ያበቅላል።»

ሱፍያን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። «ታዲያ ከመቆረጧ በፊት የምታስታውሰው ነገር ቢኖር» አለ በመጨረሻ፣ «የትኛዋ ጋ ይቀራል?»

መልሱን አታውቅም ነበር። ሌላዋ ሴት በዓይን ትያዛለች፣ በቁመና ትያዛለች፤ ኢልሀም የተያዘችው በጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱፍያን ገጠር ውሎ የመጣለትን ጥያቄ በኪስ ደብተሩ እየጻፈ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ዓሣ ውሃ ይጠማዋል? ወንዙ ሁሉ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ባሕሩን ማን ጨው አደረገው? ጥያቄው ሲያልቅ ሁለቱም ለመነሳት ይዘገያሉ። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ እሱ ደብተሩን ያገላብጣል፣ እሷ ሻርፗን ታስተካክላለች። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ነገሩ ገብቶታል።

አንድ ጊዜ ከአባይ በረሃ ድንጋይ አመጣላት። ድንጋዩ ላይ የቀንድ አውጣ ቤት የመሰለ ቅርጽ አለ። «ማን ነው የቀረጸው?» ሲላት፣ «ማንም አልቀረጸውም። የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። ይሄ አገራችን ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ነበር» አለችው። ሱፍያን ሦስት ቀን አላመናትም። በአራተኛው ቀን በስልክ አንዲት መስመር ጻፈላት፤ «ታዲያ ወዴት ሄደ?»

ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክት ያቺን ጥያቄ ነው ማመልከቻዋ አናት ላይ ያሰፈረችው። «ባሕር ከአገሬ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ ማየት እፈልጋለሁ» ብላ። የት እንዳመለከተች ግን ለሱፍያንም አልነገረችው። «ካልተሳካ ስሙንም መስማት አልፈልግም» ብላ አፉን አስያዘችው። እሱም ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥያቄውን ዋጠ። ባይውጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

አባቷ ሀጂ አሕመዲን ከአጅባር እስከ ደሴ ስማቸው የታወቀ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሱፍያንን «ያ የቧንቧ ሠራተኛ» ነው የሚሉት፤ ስሙን ጠንቅቀው እያወቁ። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልኮባቸው «አይሆንም» ብለው መልሰዋል።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መልሱ በኢሜይል መጣ። ተቀብለዋታል። ሱፍያን ያን ሰሞን ወግዲ በውሰት ተልኮ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ምንጭ ያጎለብታል። ኢልሀም ደብዳቤ ጽፋ በወግዲ ሚኒባስ ሾፌር ላከችለት። እያለቀሰችም እየሳቀችም ስለጻፈችው አጭር ሆነ።

«ሱፊዬ፣ ተቀብለውኛል። ሙሉ ወጪዬን ችለው ነው። የባሕር ሥነ ሕይወት፣ ሁለት ዓመት። ትምህርት ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ከክፍሉ መስኮት ውሃው ይታያል አሉ። ከአንተ መራቄን ሳስበው ብዕሩን አስቀምጣለሁ። አትሂጂ ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቶሎ ጻፍልኝ።»

ይህን ስትጽፍ ዓይኗ ላይ የነበረው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛንዚባር በምትባል የታንዛኒያ ደሴት ላይ፣ አሸዋው ከውሃው የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ተሠርቷል። ባሕሩ ዳር። ሌላ ምን ብላ ትጻፈው?

እስቲ መካነ ሰላም ሆናችሁ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ጻፉና የሚያነበው ሰው ምን እንደሚገባው ንገሩኝ። አባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ጣና አጠገብ ያለው ከተማ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ዓሣ አለው፣ ውሃውም ከመስኮት ይታያል። ሱፍያን በጭቃ እጁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «አልሀምዱሊላህ» ብሎ እዚያው ተቀመጠ። ሲፈራ የከረመው ከአገር እንዳትወጣ ነበር።

መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሳት።

«ኢሉዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አብሽሪ፣ አይዞሽ። እኔ ስንቱን ፈርቼ ነበር፤ ይሄማ ቀላል ነው። የአንድ ቀን መንገድ ምን ያስለቅሳል? ሂጂ። እኔ ደግሞ መላ አለኝ፤ አሁን አልነግርሽም።»

ኢልሀም ወረቀቱን ይዛ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ቀላል ነው? ባሕር ያለበት አገር በአውሮፕላን የአንድ ቀን መንገድ እንደሆነ መቼም አያጣውም፤ ግን ሁለት ዓመት ውቅያኖስ ማዶ ልትሄድ ስትል «ምን ያስለቅሳል» ይባላል? አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሳም። ዓሣ ይጠማዋል ወይ ብሎ ሌሊቱን የማይተኛ ሰው፣ የሚወዳት ልጅ ስትሄድበት የሚጠይቀው አጣ።

ከወግዲ ሲመለስም አላገኘችውም። ደሴ ደርሶ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሲደውል «አብሽሪ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል፤ ድምፁ ይስቃል። ያንገበገባት ሳቁ ነው። አኮረፈች። አባቷ «ትምህርቱ የት ነው?» ሲሏት «ወረቀቱ ተሟልቶ ሲመጣ እነግርዎታለሁ» ብላ አለፈች። ለእሳቸው ልትነግራቸው ያሰበችው ሱፍያንን ከጎኗ ይዛ ነበር። አሁን ከጎኗ ማን እንዳለ አላወቀችም።

*

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሀዲያ አዲስ ሻርፕ ይዘው ክፍሏ ገቡ።

«ልበሺ» አሏት። «ሱፍያን ሽማግሌ ልኳል። ባለፈው ሳምንት ከአባትሽ ሱቅ ሄደው አነጋግረውታል። ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣሉ።»

«አባባ እምቢ ብለው ነበር እኮ።»

«ነበር። አሁን ልቡ ተመልሷል። በምን እንደሆነ ለኔም አልነገረኝም።»

ኢልሀም ሻርፑን ለመልበስ ሦስት ጊዜ ሞከረች። መላ አለኝ ያለው ይሄን ነው። አልተዋትም። ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ስታኮርፈው እንደከረመች ስታስብ ፊቷ ጋለ። ግን አባቷን ምን አገኛቸው?

ሼህ ሙሐመድኑር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ኢልሀምን በልጅነቷ ቁርአን ያቀሯት እሳቸው ናቸው። ሱፍያንም የጋብቻው ኒካ ከታሰረ እንዳይታጣ ተብሎ አብሮ ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ኢልሀምና እናቷ በመጋረጃ በተከለለው ጓዳ ሆነው ያዳምጣሉ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው።

«ሀጂ» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር፣ «ባልና ሚስት አንድ ከተማ ካልኖሩ ምን ኒካ አለ ብለውን ነበር። ልክ ነዎት። ልጃችን ይኸው ከልጅቷ ጋር ሊሄድ ተዛውሯል። ደብዳቤው እጁ ላይ ነው።»

«ከራሱ አንደበት ልስማው» አሉ ሀጂ አሕመዲን።

«ባሕር ዳር ነው የተዛወርኩት፣ ሀጂ» አለ ሱፍያን። «እናቱ እዚህ የታመመችበት፣ እዚያ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ነበር፤ ቦታ ተለዋወጥን። የኔን ቦታ ከትናንት ወዲያ ተረክቦኛል። ኢልሀም እዚያ ብቻዋን አትሆንም።»

ባሕር ዳር።

የጻፈችው ደብዳቤ ቃል በቃል ተመልሶ መጣባት። ትምህርት ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ውሃው በመስኮት ይታያል። አንድም ውሸት አልጻፈችም፣ አንድም እውነት አልደረሰውም። ሳቁ፣ የደሴ ምልልሱ፣ «ቀላል ነው» ያለው ሁሉ አሁን ገባት።

«እኔ ያን ጊዜ አይሆንም ያልኩት» አሉ አባቷ፣ «ልጄን የሚያህል ሰው አይደለም ብዬ ነው። ለሷ ብሎ ሥራውን ከነሥሩ የነቀለ ሰው ግን ንቄ አልመልስም። ባሕር ዳር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ኒካው ዛሬ ይታሰር።»

ሼህ ሙሐመድኑር ከሁለቱ ምስክሮች ጋር ወደ መጋረጃው ተጠጉ።

«ኢልሀም፣ ልጄ» አሉ። «ሱፍያን ሊያገባሽ ጠይቋል። ኒካሽን እንዲያስር አባትሽን ወክለሻል? ፈቃድሽ ነው?» ከዚያ ለምስክሮቹ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጃገረድ ታፍራለች። ዝም ካለች ፈቅዳለች» አሏቸው።

ይህን የማታውቅ የከተማው ሴት ልጅ የለችም። አፍ አውጥቶ እሺ ማለት ግድ አይደለም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ኢልሀምም ዝም ብትል በቃ። አባቷ ተሸንፈዋል፣ የምትወደው ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጧል። ዛንዚባርን ከኒካው በኋላ ብትናገር ማን ይፈታታል? እናቷ እጇን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የሱፍያን ሚስት ልትሆን ነው፣ እሱም ያገባው ማንን እንደሆነ ሳያውቅ።

«ሼሃችን» አለች። «ትምህርቴ ባሕር ዳር አይደለም።»

እናቷ የያዙትን እጇን ለቀቁት።

«ምን እያለች ነው?» አሉ አባቷ።

«ማለቴ ባሕር ዳር ነው። ከተማው ግን አይደለም። የጨው ውሃው ዳር፣ የባሕሩ ዳር ነው። ዛንዚባር የምትባል ደሴት። ታንዛኒያ ነው፣ አባባ።»

ከምስክሮቹ አንዱ «ሌላ ባሕር ዳር አለ እንዴ?» ብለው ጓደኛቸውን ጠየቁ። ሼህ ሙሐመድኑር «ዳሩን ነው የምትለው፤ የውሃውን ዳር» ብለው መለሱላቸው። ቀስ ብሎ እየገባቸው ነበር።

ሱፍያን ተነስቶ ወደ መጋረጃው መጣ። አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጥላው በጨርቁ ላይ ሲወድቅ አየችው። ከደረት ኪሱ ወረቀት ሲያወጣ ድምፁን ሰማችና የቱ ወረቀት እንደሆነ አወቀች።

«ጣና መስሎኝ ነው» አለ።

«ሱፊ።»

«ዓሣ ይጠማዋል ወይ ብዬ ጠይቄሻለሁ። የት ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩሽም።»

«እኔም ለምን ደስ አለህ ብዬ አልጠየቅኩህም። የተውከኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ?» አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሀጂ አሕመዲን ጣልቃ ገቡ። ነጋዴ ናቸው፤ የተበላሸ ነገር ሲያዩ መፍትሔው ቀድሞ ይታያቸዋል።

«ቆዩማ። ችግሩ ምንድን ነው? ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ዓሣም አለ። የሱፍያን ሥራ እዚያ ነው። እዚያው ገብታ ትማር። ውሃ ያው ውሃ ነው።» ስሙን ሲጠሩ ኢልሀም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። «ደሴቱን ካለች ግን ኒካ የለም። ሚስቱን ውቅያኖስ ማዶ ልኮ ለሚኖር ባል ልጄን አልድርም። ወይ ይሄ ነው፣ ወይ ያ። ሼሃችን፣ እንደገና ይጠይቁልኝ።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እውነትም ለሁሉም የሚመች ነገር ነው። ዝውውሩ ከንቱ አይቀርም፣ ሽማግሌው አያፍርም፣ እናቷ በዓል በመጣ ቁጥር ያገኟታል።

«ኢልሀም፣ ልጄ» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር። «አባትሽ ያለውን ሰምተሻል። ፈቃድሽ ነው?»

ትወደዋለች። ይሄን መደበቅ ምን ያደርጋል? ከአጠገቡ የምትነቃበትን ጠዋት ስንት ጊዜ አስባዋለች። ጣናም ቢሆን ውሃ ነው፣ ዓሣውም ይጠናል። ግን ባሕሩ? ለአራት ዓመት በመጽሐፍ ብቻ ያየችው፣ ከአገሯ ድንጋይ ውስጥ ወጥቶ የሄደው፣ ተቀብለንሻል ነይ ያላት ባሕር? እሺ ልትል አፏን ከፈተች፣ ቃሉ አልመጣም። እምቢ ልትል ፈለገች፣ እሱም አልመጣም።

ሼህ ሙሐመድኑር ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ጠበቁ። እንባዋ በሻርፗ ላይ ይወርዳል፤ እንባ ደግሞ ድምፅ የለውም።

«ዝም ብላለች» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «አልሀምዱሊላህ።»

ሀጂ አሕመዲን ኒካውን ለማሰር እጃቸውን ለሱፍያን ዘረጉ። በመጋረጃው ክፍተት ኢልሀም የአባቷን ሰፊ እጅ አየች። ሱፍያን እጁን ለመስጠት ግማሽ ድረስ አነሳና አቆመው።

«ሼሃችን፣ ይቅር በሉኝ» አለ። «ይሄ ዝምታ እሺታ አይደለም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሁለት ዓመት ስጠይቃት ኖሬያለሁ። የምታውቀውን ነገር ሲጠይቋት ጨርሰው እስኪጠይቁ አያስችላትም፤ ከአፍ ነጥቃ ነው የምትመልሰው። ዝም የምትለው መልሱ ሲጠፋት ነው።» ወደ መጋረጃው ተመለከተ። «መልሱ በጠፋት ሴት ዝምታ ላይ ኒካ አላስርም።»

የሀጂ አሕመዲን እጅ እንደተዘረጋ ነበር። «ልጄን እምቢ እያልከኝ ነው?»

«አይደለም፣ ሀጂ። ወላሂ፣ እንደዛሬ ፈልጌያት አላውቅም። ትሂድና ባሕሩን ትየው ነው የምለው። ስትመለስ ይጠይቋት። ያን ጊዜ በአንደበቷ ትመልስ።»

«ባትመለስስ?»

ሱፍያን መሬት መሬት አየ። «እሱን አላውቅም» አለ።

አባቷ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ልጁን ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ጭቃ ካልሲው ድረስ አዩት። «ሊያገባት የመጣው ሂጂ ካላት» አሉ ሲቆዩ፣ «እኔ አባቷ ቅሪ ብል ነውሩ የኔ ነው። ትሂድ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ሼህ ሙሐመድኑር ዱዓ እስኪያደርጉ ድረስ አልመለሱትም። ኢልሀም ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደረቷ ግን ሁለት ቦታ የተከፈለ ያህል አመማት።

*

ሽማግሌዎቹ ከሀጂ ጋር ሲሰነባበቱ ሱፍያን ቀድሞ ወጥቶ በረንዳው ላይ ጫማውን ያስር ጀመር። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ኢልሀም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እናቷ አልከለከሏትም፤ ደፉ ላይ ቆመው ሌላ ወገን ተመለከቱ።

«ወደ ቦታህ መመለስ አትችልም?» አለችው።

«ተረክቧል እኮ። እናቱን ማስታመም ይዟል። ለጳጉሜን ባሕር ዳር እገባለሁ።» ክሩን አጠበቀ። «አንቺስ መቼ ነው?»

«መስከረም ሃያ።»

«እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ነው ያስለቀሳት። ይህን ጥያቄ ሐምሌ ላይ ጠብቃው ነበር። «እቀምሰዋለሁ» አለች። «እውነት ያን ያህል ጨው መሆኑን።»

ሱፍያን ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ሱፊ፣ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እኮ» አለች፣ «ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር። አባባ እጅህን ይዘው ይጨርሱት ነበር፣ እኔም አልናገርም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሱፍያን። «እኔም ትንሽ ብቆይ እጃቸውን እይዝ ነበር። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።»

ተነሳ። «አብሽሪ» ብቻ አላት፤ ካፊያው ውስጥ ገባ።

ኢልሀም የበረንዳውን እንጨት ይዛ ጀርባውን ተከተለችው። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ ቢያያት የተቀበሏትን ወረቀት እዚያው ትቀደዋለች፤ ደሴቱንም፣ ባሕሩንም፣ ያጠናችውን ሁሉ ትታ በዚያ ጭቃ እየሮጠች ትደርስበታለች። በዚህ እርግጠኛ ነበረች። በሕይወቷ እንደዚያ ደቂቃ እርግጠኛ ሆና አታውቅም። እሱም ያውቅ ነበር። የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ፣ መልሶም ዘጋው፤ አልዞረም።